ቤተሰብ ይዞ ኩዊልት ለማስተማር መጓዝ፤ የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ

መርፌና_ክር | ሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ሜሪላንድ ኩዊልት (ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ፣ መሐሉ ሙሌት ገብቶ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ) እሰፋለሁ፤ አስተምራለሁም። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት እያየሁ የምሠራቸውን ንድፎች የወደዱ የኩዊልት ማኅበራት «ነይና አሳዪን» ይሉኛል። እስካሁን ጠዋት ወጥቼ ማታ ቤቴ የምገባባቸው ቦታዎች ነበሩ። አሁን ግን ከኬንታኪ፣ ፓዱካ አጠገብ፣ የሁለት ቀን ዎርክሾፕ ጥሪ መጣልኝ። በሚያዝያ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ አዲስ አበባ እንገባለን። የእህቴ ሰፈር ሴቶች ካሁኑ «እኛስ?» ብለዋል።

ባለቤቴ ሁላችንም እንሂድ ባይ ነው። ልጆቹ 9 እና 5 ዓመታቸው ነው፤ ትንሿ ደግሞ ከጉያዬ አትወጣም። እናቴ በስልክ «ለድሪቶ ብለሽ ልጆቼን አገር ላገር ልታንከራትቻቸው ነው?» ትለኛለች።

እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ልጅ ይዞ ማስተማር ይሆናል? የስፌት መኪናውስ፣ ጨርቁስ እንዴት ይጓጓዛል? ቤተሰብ ይዤ እንደምመጣ ለማኅበሩ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል?

ብርድልብስ | ሚኒሶታ

እህቴ፣ ይቻላል። ግን ቤተሰቡ አብሮሽ ይጓዝ እንጂ አብሮሽ አያስተምር። እኔ በማስተምርበት ቀን ልጆቼ የክፍሉ በር ላይ ድርሽ አይሉም። ጭካኔ አይደለም። 20 ሴቶች ከፍለው ተቀምጠዋል። የጋለ ካውያ አለ። ጨርቅ መቁረጫው ሮታሪ ከተር ጣት ሲቆርጥ አይምርም። መሬቱ ሁሉ የኤክስቴንሽን ገመድ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እዚያ መሐል ምን ትሠራለች? «እማዬ» ባለች ቁጥር ደግሞ አንቺ የጀመርሽውን ዓረፍተ ነገር አትጨርሺም።

ለማኅበሩ መንገሩን በተመለከተ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ብዙ ማኅበራት አስተማሪዋን አንዲት አባል ቤት ነው የሚያሳድሯት። ወጪ ይቀንስላቸዋል። አንቺ ግን አራት ሆነሽ ሰው ቤት ልትወድቂ ነው? ካሁኑ «ሆቴል ነው የምፈልገው፤ ለአንድ ሰው የሚወጣውን እናንተ ቻሉ፣ የሚበልጠውን እኔ» በያቸው። እንዲህ ተብሎ የተቀየመ ማኅበር አላየሁም። ሳይነገራቸው አራት ሰው ሲመጣባቸው ነው ፊታቸው የሚጠቁረው።

ሁሉንም በጽሑፍ አድርጊው። ክፍያው በተማሪ ቁጥር ሳይሆን በቀን ይሁን። የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ይለይ። የተማሪ ብዛት ከፍተኛው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ የስረዛው ነገር! አንድ ማኅበር ተመዝጋቢ አልሞላም ብሎ ሳምንት ሲቀረው ሰርዞብኛል። የአራት ሰው ትኬት ተቆርጦ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው የሚባለው። አሁን ከዚህ ቀን በኋላ ከተሰረዘ የአውሮፕላኑን ትኬትና የክፍያውን ግማሽ እንዲሸፍኑ ካልፈረሙ አልነቃነቅም።

ባለመኪናው | ኦሃዮ

እኔ የአስተማሪዋ ባል ነኝ 😄 ሚስቴ ታስተምራለች፣ እኔ ነድቼ አደርሳለሁ፣ ከዚያ ከልጆቹ ጋር እንጠፋለን።

ፓዱካን አውቀዋለሁ። ለልጆች ጥሩ ነው፣ አትፍሪ። የኦሃዮ ወንዝ ዳር ረጅም የጎርፍ መከላከያ ግንብ አለ፤ የከተማዋ ታሪክ በሥዕል ተሥሎበታል። ወንዙን ተሻግራችሁ ኢሊኖይ ስትገቡ ሜትሮፖሊስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። መሐል አደባባዩ ላይ ግዙፍ የሱፐርማን ሐውልት ቆሟል። ወንድ ልጅ ካለሽ ጨዋታው እዚያ አለቀ። የብሔራዊ ኩዊልት ሙዚየሙም እዚያው ፓዱካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው የተከፈተው። ባልሽ ልጆቹን አንድ ጊዜ ያስገባቸው። ልጆቼ በጨርቅ እንዲህ ይሠራል ብለው አላመኑም። መንካት ክልክል ነው፣ እጃቸውን ያዝ በይው።

ግን አንድ ነገር። ጥሪሽ በሚያዝያ ከሆነ ትልቁ የኩዊልት ሳምንት፣ ዓመታዊው ትርኢት ላይ እንዳይገጥምሽ። በዚያ ሳምንት ፓዱካ ላይ ሆቴል የለም በይ። ሰው ከዓመት በፊት ነው የሚይዘው።

መርፌና_ክር

@ባለመኪናው ያስቁኛል። ባለቤቴን አስነብቤዋለሁ፣ ሱፐርማኑን ሲሰማ ከልጁ በላይ ደስ ብሎታል። ሳምንቱ የኩዊልት ሳምንቱ ራሱ ነው። ማኅበሩ ለእኔ የሆቴል ክፍል ይዘዋል፤ ለአራት ይበቃ እንደሆነ ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።

ጾሙም አለ። ፋሲካ አንዳንድ ዓመት እዚያው አካባቢ ይውላል። የሆቴል ቁርስ ደግሞ እንቁላልና ወተት ነው።

የአያቷ_ልጅ | ሲያትል

ለጾሙ ድርቆሽና በሶ ያዢ። ዳቦ ቆሎ ለልጆቹ።

በልጆቹ ነገር ግን ከብርድልብስ ጋር አልስማማም። እኔ ስፌት የተማርኩት እናቴ ሲንጀር ሥር ቁጭ ብዬ ቁራጭ ስለቅም ነው። ማንም «ውጪ» አላለኝም። የ9 ዓመቱን ልጅ አስገቢው። ጨርቅ ያድል፣ ክር ይቁረጥ። ሴቶቹ ይወዱታል። ክፍሉ ራሱ ይላላል። የሰው አገር ሰው ፊት ሁሌ ኮስተር ማለት ለምን?

ብርድልብስ

@የአያቷ_ልጅ እናትሽ ቤት ነበራ! ገንዘብ ከፍሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የ9 ዓመቱ ልጅ ከፈለገ፣ ሦስት ሁኔታ። ማኅበሩ ይፍቀድ (የመድን ጉዳይ ያላቸው ማኅበራት አሉ፣ ልጅ አያስገቡም)። ከካውያው ጠረጴዛ ይራቅ። ሲሰለቸው የሚወስደው ሰው ደጅ ይጠብቀው። ትንሿ ግን አይሆንም። በዚህ ድርድር የለም።

የአያቷ_ልጅ

እሺ አለቃ 😂

ብርድልብስ

አሁን ወደ ዕቃው። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሙሉ የአልጋ ኩዊልት አስተምራለሁ ብለሽ አትነሺ። ለመንገድ የሚሆን ሥራ ትንሽ ነው። እኔ የትራስ ልብስ ነው የማስተምረው። ቁጥሩ እንዲህ ነው። 2.5 ኢንች ካሬ ትቆርጫለሽ። በየጎኑ ሩብ ኢንች ለስፌት ሲገባ 2 ኢንች ይቀራል። ዘጠኙ ሦስት በሦስት ሲገጣጠሙ ባለ 6 ኢንች ብሎክ ናቸው። ዘጠኝ ብሎክ ደግሞ 18 በ18 ኢንች የትራስ ልብስ ይሆናል። ካሬዎቹን አንድ በአንድ አትቁረጪ፣ አታስቆርጪም። ረጅም ረጅም ጥብጣብ ጎን ለጎን አሰፊያቸውና ከዚያ አግድም ይቆረጣል። ጀማሪዋ በአንድ ቀን ቢያንስ ፊቱን ጨርሳ ትወጣለች። ያልጨረሰ ተማሪ ተከፍቶ ነው የሚሄደው፤ የተከፋ ተማሪ ደግሞ ለሚቀጥለው ማኅበር አይመክርሽም።

ጨርቁን ቀድመሽ ቁረጪና ለእያንዳንዷ ተማሪ በፕላስቲክ አሽገሽ በፖስታ ላኪው። የፖስታ ቤቱ ትልቁ ፍላት ሬት ካርቶን እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ዋጋው አንድ ነው። ጨርቅ ደግሞ ሲደራረብ ድንጋይ ነው። ለማኅበሩ ኃላፊ ከሁለት ሳምንት በፊት ይድረስ። ከዚያ አንቺ የምትይዢው ናሙናሽን ብቻ ነው። ናሙናውን ግን በምንም ተአምር ለካርጎ እንዳትሰጪ። ሻንጣ ይጠፋል። ናሙና የሌላት አስተማሪ በባዶ እጇ ልታወራ ነው።

ባለመኪናው

በአውሮፕላን ለሚሄድ ልጨምር። ሮታሪ ከተር በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ስለቱን ይወስዱታል። ለካርጎ ስጡት። መቀስ ግን ከማጠፊያው ጀምሮ ስለቱ ከ4 ኢንች ካነሰ ይገባል። መርፌ ችግር የለውም። የስፌት መኪናም በእጅ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ወንበር ሥር ወይም ከላይ ከገባ።

ሚስቴ የምትይዘው አሮጌውን ሲንጀር 221 ነው። ፌዘርዌት የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣ ሞዴል ነው፤ 11 ፓውንድ ገደማ ነው የሚመዝነው። ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው የሚሰፋው፣ ለኩዊልት ሌላ ምን ያስፈልጋል? ፍተሻ ላይ ግን ሁልጊዜ ያስቆሙናል። ጥቁር ብረት በኤክስሬይ ሲያዩት ይደነግጣሉ መሰለኝ። አንዱ ሽማግሌ ፈታሽ አንዴ ከፍቶ «እናቴ ይቺ ነበረቻት» ብሎ ሰልፉን አቁሞ አየው። ከኋላችን ያለው ሰው በስጨት አለ።

ጋሽ_መቀስ | አሌክሳንድሪያ

ልጄ መርፌና ክር፣ እኔ ኩዊልት አላውቅም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ መርካቶ ሰፍቻለሁ። ስለ ጥለቱ ግን አንድ ሁለት ልበል።

ሸማ እንደ እነሱ የሱቅ ጨርቅ አይደለም። ሽመናው የላላ ነው። ስትቆርጪው ይተረተራል፣ ስትጎትቺው ይረዝማል። መጀመሪያ እጠቢው፤ የእጅ ፈትል ይሸበሸባል፣ ይሸበሸብ፣ ቀድሞ ይጨርስ። ከዚያ በካውያ የሚለጠፈውን ስሱን ማጠንከሪያ ከጀርባው ለጥፊበት። ያን ጊዜ ነው የሚቆረጠው። ጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ክር ደግሞ እሳት አይወድም። ካውያው ከጋለ ይቀልጥና ይኮማተራል። በግልባጩ፣ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርገሽ፣ ቀዝቀዝ ባለ ካውያ ነው። ቀይ ጥለት ካለ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተሽ እይው። ከለቀቀ ነጩ አጠገብ አታድርጊው። ፈረንጆቹ ሴቶች ኩዊልታቸውን በማሽን ነው የሚያጥቡት፤ ቀይ ውሃ ሲወጣባቸው ስሙ የሚጠፋው ያንቺም የጥለቱም ነው።

መርፌና_ክር

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማጠንከሪያውን እጠቀማለሁ፤ የሚያብለጨልጨው ክር ላይ ያሉት ግን ለተማሪዎቹ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣል። እኔ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ እየዞርኩ ስናገር ነበር።

ታክስ_ቀን | ዳላስ

ማንም ያላነሳው፦ ታክስ። ማኅበሩ የሚከፍልሽ የራስ ሥራ ገቢ ነው። ከመደበኛው ታክስ ሌላ በራስ ሥራ ላይ የሚጣለው 15.3 በመቶ አለ። ስለዚህ ወጪሽን መዝግቢ።

ቤተሰብ ይዞ ሲሄዱ ደንቡ እንዲህ ነው። የጉዞው ዋና ምክንያት ሥራሽ ከሆነ በራስሽ መኪና የነዳሽው ማይል ይቀነሳል፤ ለ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ልጆች ከኋላ ቢቀመጡም ማይሉ ያው ነው። ሆቴሉ ግን አንቺ ብቻሽን ብትሆኚ የምትከፍይው ዋጋ ያህል ብቻ ነው የሚቀነሰው። የምግብሽ ግማሽ። የባልሽና የልጆቹ ምግብና ትኬት፣ ምንም። የሱፐርማኑ ቲሸርት፣ እሱም ምንም። ማኅበሩ የመለሰልሽን ወጪ ደግሞ አንቺ እንደገና መቀነስ አትችይም። ማይሉን ስልክሽ ላይ በየቀኑ ጻፊ። ሚያዝያ የነዳሽውን በዓመቱ መጨረሻ አታስታውሺውም።

ወይ_ጉድ | ዴንቨር

ይሄ ሁሉ ለትራስ ልብስ 😅

አትላንታ_ነኝ

@ወይ_ጉድ ለትራስ ልብስ አይደለም፤ ሄደህ ብታየው ነበር።

መርፌና ክር፣ አንድ ቀን ወደ ደቡብ የሚያመጣሽ ጥሪ ካገኘሽ ልጆቹን አላባማ፣ ጂስ ቤንድ ውሰጃቸው። በመንግሥት ካርታ ቦይኪን ነው የሚባለው። በሦስት በኩል ወንዝ የከበበው የጥቁሮች መንደር ነው። ሴቶቹ ከአሮጌ የእርሻ ልብስ፣ ከተቀደደ ጂንስ ኩዊልት ሲሰፉ ኖረዋል። ለብርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ሲሰቀል ዓለም ጉድ አለ። በ2006 ፖስታ ቤቱ ቴምብር አደረገው።

እኔን የነካኝ ሌላው ነው። ሰዎቹ ለምርጫ ለመመዝገብ ከወንዙ ማዶ ያለው የወረዳው ከተማ ይሻገሩ ነበር። በ1962 ጀልባው ቀረ። ማዶው እዚያ ይታያል፤ በመኪና ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። ጀልባው የተመለሰው በ2006 ነው። የ9 ዓመት ልጄ «ለምን ድልድይ አልሠሩም?» አለኝ። እስቲ መልሱለት። ከሰልማ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ በ1965 ጥቁሮች ለመምረጥ መብታቸው የተሰለፉበትን የሰልማን ድልድይ አብራችሁ ታዩታላችሁ።

ለማስተማርሽም ይጠቅማል። በ1972 የአካባቢው ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲርስ ለሚባለው ትልቅ የሱቅ ኩባንያ የኮርዱሮይ (ባለ መስመር ወፍራም ጨርቅ) ትራስ ልብስ የመስፋት ውል ነበረው። ትርፍራፊው ኮርዱሮይ ወደየቤቱ ሄደ። አሁን ሙዚየም ያሉት አንዳንዶቹ የዚያ ትርፍራፊ ናቸው። ማስመሪያ የለም፣ ሩብ ኢንች የለም። ቀጥ ያለ መስመር ሲጎብጥ ዝም ብለው ይተዉታል። ተማሪዎችሽ «ማዕዘኑ አልገጠመልኝም» ብለው ሲያለቅሱ ፎቶውን አሳያቸው።

ብርድልብስ

@አትላንታ_ነኝ እኔ ግን ማዕዘን አስገጥማለሁ 😄 ጀማሪ መጀመሪያ ቀጥ ማድረግን ይቻል። መጉበጡ በኋላ ይመጣል።

የዱባይዋ

ሰላም እህቶች። እኔ ጥልፍ አስተምራለሁ። አሜሪካ እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ በጉብኝት ቪዛ። አንድ ሁለት ክፍል አስተምሬ የትኬቴን ባወጣስ?

ታክስ_ቀን

አይሆንም እህቴ። የጉብኝት ቪዛ ተከፍሎሽ ክፍል ለማስተማር አይፈቅድም። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ቢሆንም ያው ነው። ዘመድ ቤት ቁጭ ብለሽ በነጻ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። ለሚቀጥለው ቪዛሽ ስትይ ተይው።

የዱባይዋ

እሺ፣ ተረድቻለሁ። እህቴን አስተምራታለሁ በቃ።

ሽሮሜዳ_ልጅ | አዲስ አበባ

የአዲስ አበባውን ክፍል ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር።

መጀመሪያ ኤሌክትሪክ። እዚህ 220 ነው። የአሜሪካ መኪናሽን ያለ ትራንስፎርመር ከሰካሽው ሸተተሽ ማለት ነው። ታርጋው ላይ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ አታምጪው፣ ትራንስፎርመሩ ራሱ ኪሎ ይበላብሻል። ይልቅ የእግር መኪና ተከራዪ። በየሰፈሩ ልብስ ሰፊ አለ፤ ቀን ከፍለሽ ሁለት ሦስቱን ማሰባሰብ ይቻላል። መብራት ቢሄድም ሥራ አይቆምም። ካውያው ብቻ ነው የሚቸግረው፤ የከሰል ካውያ ያለው ልብስ ሰፊ ግን አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ኢንችሽን እዚያው ተይው። እዚህ ሁሉም ሰው በሴንቲ ሜትር ነው። 2.5 ኢንች 6.35 ነው እያልሽ ሴቶቹን አታስጨንቂ። በ6.5 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በየጎኑ 0.75 ለስፌት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ጉዳዩ አለቀ። ሮታሪ ከተርና የመቁረጫ ምንጣፉንም ለማምጣት አትልፊ። አንቺ ሄደሽ ስለቱ ሲደነዝ መለወጫ ከየት ያመጣሉ? ካርቶን 6.5 በ6.5 ቆርጠሽ፣ በሳሙና ስባሪ አስምረሽ፣ በመቀስ። የሚቀጥል ነገር ነው የምታስተምሪው።

ለመሐሉ ሙሌት፣ ባቲንግ የሚሉትን፣ ፍለጋ አትዙሪ። ያረጀ ጋቢ ይበቃል። ስንቴ ታጥቦ ስንቴ ተሸብሽቦ ያለቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያጥርም። ለፊቱ ቁራጭ ጨርቅ ሽሮ ሜዳ አለ፤ ልብስ ሰፊዎቹን ቀደም ብለሽ «ቁራጭ አስቀምጡልኝ» ማለት ነው።

ሦስተኛ ጊዜው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ የታጠበ ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። ቀድመሽ አዘጋጂ። ነሐሴ ከገባ ፍልሰታ ነው። ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ ከሰዓት የሚመጣልሽ ሰው የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀምረሽ አምስት ሰዓት ላይ ልቀቂያቸው። ልጆችሽን ለአያታቸው ስጫቸው፤ ይሄ ሁሉ የመድንና የሆቴል ጭቅጭቅ እዚህ የለም 😄

ክፍያ ልቀበል ካልሽ ደግሞ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ይኑርሽ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት ግን እዚህም ያው ነው።

መርፌና_ክር

ቢጫ ካርድ አለኝ፣ ተመስገን። የሰፈሩን ሴቶች ግን ብር አልጠይቃቸውም። 5 ሴንቲ ሜትሩ ግልግል ነው፣ ሁለት ምሽት ኢንች ስቀይር ነበር።

ፓዱካን በተመለከተ ወስነናል። ማኅበሩ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ሰጠን፣ ልዩነቱን እኛ እንከፍላለን። በመኪና ነው የምንሄደው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል፣ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት እናድራለን። ትልቁ ልጅ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ብቻ ክር ቆራጭ ሆኖ ይገባል፤ ተፈቅዶለታል። ትንሿ ከአባቷ ጋር። ውል ተፈራርመናል፣ የስረዛው አንቀጽ ገብቷል።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት ካውያ ነው። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ባለፈው እዚህ ቅርብ ባስተማርኩበት አዳራሽ ብሬከሩ እየጣለ ቀኑን በላው።

ባለመኪናው

ይሄ የኔ ሥራ ነው። ተራ መስመር 15 አምፒር ነው። በ120 ቮልት ስታባዢው 1,800 ዋት። አንድ ካውያ ብቻውን 1,500 አካባቢ ይጎትታል። ሁለት ካውያ አንድ መስመር ላይ ከሰካሽ ይጥላል፣ አለቀ። የስፌት መኪኖቹ ግን እያንዳንዳቸው ትንሽ ነው የሚፈልጉት።

ስለዚህ ካውያዎቹን በታትኚ። አንዱ ኩሽና ውስጥ፣ እዚያ ብዙ ጊዜ መስመሩ 20 አምፒር ነው። አንዱ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ። አንዱ ኮሪደር ላይ። ባልሽ ማታ ቀድሞ ይሂድና ብሬከሩ ሳጥን ላይ የትኛው ሶኬት የት እንደሚገባ እያጠፋ እያበራ ይለየው። በስኮች ቁጥር ይለጥፍበት። ቡና ማሽኑንም እንዳይረሳ! ማኅበሮቹ ቡና ማሽናቸውን ሁልጊዜ ካውያ አጠገብ ነው የሚሰኩት።

የአያቷ_ልጅ

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ፎቶ እንዳትረሺን።

መርፌና_ክር

አሜን። ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ፦ ማጠንከሪያ የተለጠፈበት ጥለት ላይ መርፌ ቁጥር ስንት ላስይዛቸው? 80 እየሰፋ ክሩን ይበጥስብኛል።

ጋሽ_መቀስ

በሚያብለጨልጨው ክር ላይ ሲያልፍ ከሆነ 90 አድርጊ፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለውን። አዲስ መርፌ ይሁን። ፔዳሉንም ቀስ ብለው ይርገጡት፤ የሚበጠሰው በፍጥነቱ ነው። ለሌላው ጨርቅ 80 ይበቃል።